በንድፍ ገጽ ላይ የሚደረደሩ የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች፦ ምንነት፣ አሠራር እና ለዜጎች የሚሰጡት ጠቀሜታ

ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ በመገናኛ ብዙኃን ብዙ ይነገራል። የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ የተጋነነ ነው፣ አለዚያም ከዜጋው የዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መስሎ የሚቀርብ ነው። ይህ የመረጃ ጽሑፍ ከሰፊው ዘርፍ አንዱን ክፍል ብቻ ለይቶ ይመለከታል፤ ይኸውም እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የብረታ ብረት ቅንጣቶችን አስቀድሞ ንድፍ በተቀረጸበት ገጽ ላይ በሥርዓት በመደርደር ብርሃንን እንደተፈለገው የሚያስተናግዱ ቁሶችን የመሥራት ጥበብ ነው። ጽሑፉ የተዘጋጀው ለተማሪዎችና ለመምህራን፣ ለፈጠራ ባለሙያዎች፣ በዘርፉ ለመሰማራት ለሚያስቡ ባለሀብቶች፣ እንዲሁም በጤና ተቋም በፈጣን መመርመሪያ ለሚገለገሉ ወይም ከገበያ “ናኖ” የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ለሚገዙ ተገልጋዮች ነው።

አንባቢያን ከመጀመሪያው ሊይዙት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ቁሶች ላይ የሚታየው ቀለም ከማቅለሚያ የሚመጣ አይደለም። ከቅንጣቱ መጠን፣ ከቅርጹ እና በተለይም አንዱ ቅንጣት ከሌላው ካለው ርቀት የሚመነጭ ነው። በመሆኑም የቁሱ ዋጋ ያለው ከወርቁ ይልቅ በአደራደሩ ላይ ነው።

የቅንጣቶቹ መጠንና አመራረት

1 ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የወርቅ ቅንጣት 60 ናኖሜትር ስፋት አለው። 1 ሚሊሜትር ርዝመት ባላት የጤፍ ፍሬ ላይ እነዚህ ቅንጣቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከ16,000 በላይ ይሆናሉ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ፣ ቅንጣቱ ከብርሃኑ ሞገድ እንኳ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

አመራረቱ ከሚታሰበው ይልቅ ቀላል ነው። የወርቅ ጨው በውኃ ተሟምቶ ይፈላል፤ ከዚያም ሶዲየም ሲትሬት የተባለው፣ በሎሚ ውስጥ ከሚገኘው አሲድ የሚሠራ ጨው ይጨመርበታል። ፈሳሹ በደቂቃዎች ውስጥ መልኩን እየለወጠ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ቀይ ወይን ይሆናል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1951 ጆን ቱርኬቪችና ባልደረቦቹ በዝርዝር ካጠኑት ጊዜ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል። ስለዚህ የዘርፉ አስቸጋሪ ሥራ ቅንጣቱን ማምረት ላይ አይደለም። አስቸጋሪው ከተመረቱት ቢሊዮን ቅንጣቶች እያንዳንዱን በተፈለገው ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

በብረታ ብረት ውስጥ በነፃነት የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃን በቅንጣቱ ላይ ሲያርፍ እነዚህ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይናጣሉ፤ ይህ የጋራ ንቅናቄ በሳይንሱ ዓለም ፕላዝሞን ይባላል። አንድ የክራር ክር በውጥረቱና በርዝመቱ ልክ የራሱ ድምፅ እንዳለው ሁሉ፣ ቅንጣቱም በመጠኑና በቅርጹ ልክ የሚናጥበት የራሱ የብርሃን ሞገድ አለው። በውኃ ውስጥ የሚገኙ 20 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ክብ የወርቅ ቅንጣቶች ወደ 520 ናኖሜትር የሚጠጋውን አረንጓዴ ብርሃን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የቀረው ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲደርስ ፈሳሹ ቀይ ሆኖ ይታያል። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው የብር ቅንጣቶች ደግሞ የሚይዙት ወደ 400 ናኖሜትር የሚጠጋውን ብርሃን በመሆኑ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል።

ከዚህ በላይ ትኩረት የሚሻው ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ የሚፈጠረው ሁኔታ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከራሳቸው ስፋት ሲያንስ የአንዱ ኤሌክትሮኖች ንቅናቄ የሌላውን ይስባል፤ የሚይዙት ብርሃንም ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸጋገራል። ቀዩ ፈሳሽ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍተቱ ወደ ጥቂት ናኖሜትር ሲጠብ ደግሞ ብርሃኑ በዚያች ጠባብ ቦታ ተከማችቶ እጅግ ይበረታል። በሌላ በኩል ቅንጣቶቹ ሳይነካኩ በመቶዎች በሚቆጠር ናኖሜትር እኩል ርቀት በረድፍ ሲቆሙ፣ ከእያንዳንዱ የሚበተነው ብርሃን ከጎረቤቱ ጋር ተደጋግፎ በጣም የጠራና የጠበበ ቀለም ይሰጣል። እንግዲህ ቅንጣቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ርቀቱ ብቻ ሲለወጥ የተለያየ ቁስ ይገኛል ማለት ነው።

ያለ ዕውቀት የተሠራ፣ በኋላ የታወቀ

የሰው ልጅ በዚህ ክስተት መጠቀም የጀመረው ምንነቱን ከማወቁ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሊከርገስ ዋንጫ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማውያን የተሠራ የመስታወት ዕቃ ነው። ብርሃን ከፊት ለፊቱ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከውስጡ ሲበራበት ግን ቀይ ሆኖ ይታያል። በመስታወቱ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 40 እጅ ገደማ ወርቅ እና 300 እጅ ገደማ ብር፣ ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ቅንጣቶች መልክ ተበትኖ ይገኛል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ጥናቱ የቀዩ ፈሳሽ ቀለም ከጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች የሚመጣ መሆኑን አስረዳ፤ ያዘጋጃቸው ናሙናዎች በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ስሌቱን አበጀለት።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ቅንጣቶቹ በመስታወት ወይም በፈሳሽ ውስጥ እንደ አጋጣሚ የተበተኑ ነበሩ። በሥርዓት መደርደር የዘመናችን ሥራ ነው።

ቀርጾ ማውጣት ወይስ አምጥቶ መደርደር?

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከላይ ወደ ታች የሚባለው ሲሆን፣ ንድፉ በኤሌክትሮን ጨረር ይቀረጽና ብረቱ በላዩ ላይ ይለበጣል። በሲንጋፖር የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ መንገድ በአንድ ኢንች 100,000 ነጥቦች የሚደርስ የቀለም ሥዕል አትመዋል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 250 ናኖሜትር ነበር። ውጤቱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ጨረሩ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ስለሚጽፍ ሰፊ ገጽ መሸፈን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ከዚህም በላይ በልባጭ የተገኘው ብረት ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተገጣጠመና ጠርዙ ሻካራ በመሆኑ ብርሃንን ያባክናል።

ሁለተኛው መንገድ በፈሳሽ ውስጥ በኬሚስትሪ የተመረቱትን፣ ገጻቸው ለስላሳና ውስጣቸው ወጥ የሆኑትን ቅንጣቶች አምጥቶ በተዘጋጀላቸው ጉድጓድ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ንድፉ የሚቀረጸው አንድ ጊዜ ነው። ከዋናው ቅርጽ ላይ ፈሳሽ የሲሊኮን ጎማ ፈስሶ ሲረጋ የዋናው ግልባጭ የሆነ፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት ገጽ ይገኛል። ከአንድ ዋና ቅርጽ ብዙ ግልባጮች ይወጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ከቡና ቀለበት የተገኘ ትምህርት

በረከቦት ላይ የፈሰሰች የቡና ጠብታ ስትደርቅ መሃሏ ሳስቶ ዳርቻዋ ጠቁሮ ቀለበት እንደምትሠራ ሁላችንም አይተናል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተብራርቷል። የጠብታዋ ጠርዝ ከገጹ ጋር ተጣብቆ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ትነቱ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በጠርዙ ላይ ይፈጥናል። በጠርዙ የተነነውን ለመተካት ከመሃል ወደ ዳር የማያቋርጥ ፍሰት ይፈጠራል፤ ፍሰቱም የቡናውን ደቃቅ እየጠረገ ወደ ዳርቻው ያከማቻል። ቡና በተወለደባት አገር ይህን ክስተት ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

ቅንጣቶችን የመደርደር ሥራ ይህንኑ ፍሰት በቁጥጥር ሥር ያውለዋል። ጉድጓዶቹ በተቀረጹበት ገጽ ላይ የወርቅ ቅንጣቶች ያሉበት ጠብታ ይቀመጥና በላዩ የመስታወት ሳህን ይደረጋል። ገጹ በጥቂቱ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ ጠብታውም በሰከንድ ማይክሮሜትሮች ብቻ በሚቆጠር ፍጥነት እጅግ በዝግታ ይጎተታል። ትነቱ ቅንጣቶቹን ወደ ጠብታው ጠርዝ እየሳበ በቀጭን መስመር ያጭቃቸዋል። ጠርዙ በአንድ ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ የውኃው ገጽ ጉልበት ቅንጣቱን ወደ ታች ገፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባዋል። ጉድጓዱ የሚይዘው አንድ ቅንጣት ብቻ እንዲሆን ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ሁለተኛው ቦታ አያገኝም።

ሥራው የሚሳካው ግን ሁኔታዎቹ ሲሟሉ ነው። ገጹ ውኃን አብዝቶ የሚወድ ከሆነ ጠብታው ይነጠፍና ቅንጣቶቹ ንድፉን ሳይጠብቁ በየቦታው ይለጠፋሉ። ውኃን አብዝቶ የሚጠላ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ በጉድጓዶቹ ላይ ሳይቆም እየዘለለ ያልፋል፤ ስለዚህ ገጹ በሁለቱ መካከል እንዲሆን ይዘጋጃል። ሙቀቱም እንደ መቆጣጠሪያ ያገለግላል። ገጹ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይከማቻሉ፣ ወደ ጤዛ ነጥብ ሲቀዘቅዝ ክምችቱ ይበተናል። ከዚህ አንጻር በቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው አየር እርጥበት እንኳ ውጤቱን ይወስናል። በዘርፉ ለመሰማራት የሚያስቡ ተቋማት ውድ መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት የክፍላቸውን ሙቀትና እርጥበት የመቆጣጠር አቅማቸውን ቢፈትሹ ይመከራል።

የዚህ ዘዴ እጅግ የታወቀው ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊዘርላንድ በዙሪክ አቅራቢያ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል የተሠራው ነው። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዳቸው 60 ናኖሜትር የሆኑ ወደ 20,000 የሚጠጉ የወርቅ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ በቦታቸው አስቀምጠው የፀሐይን ምስል አትመዋል። ሥዕሉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከእንግሊዛዊው ሮበርት ፍለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ፀሐይ በጥንታውያን አልኬሚስቶች ዘንድ የወርቅ ምልክት ነበረች። ቅንጣቶቹ በመጀመሪያ በቅርጹ ጉድጓዶች ውስጥ ከተደረደሩ በኋላ ሥርዓታቸውን ሳያጡ ወደ ሌላ ንጹሕ ገጽ ተላልፈዋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ቀላል መስሎ ቢታይም ለኢንዱስትሪ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቅርጹ ለቀጣዩ ኅትመት ነፃ ይሆናል።

በዲኤንኤ ማሰር

ጉድጓድ ብቻውን ቅንጣቱን በቦታው ያስቀምጠዋል፤ የትኛው ቅንጣት የት እንደሚገባ ግን አይመርጥም። ምርጫው የተገኘው ከዲኤንኤ ነው። አንዱ የዲኤንኤ ዘርፍ ከእሱ ጋር ከሚገጥመው ዘርፍ ጋር ብቻ ስለሚጣመር፣ በቅንጣቱ ላይ አንዱን፣ በገጹ ላይ ተጣማሪውን በመትከል ቅንጣቱ የራሱን ቦታ እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል። ቻድ ሚርኪንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የወርቅ ቅንጣቶችን በዲኤንኤ ማያያዝ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1996 አሳይተዋል፤ በዚያው ዓመት ሌላ የአሜሪካ የምርምር ቡድንም ተመሳሳይ ሥራ አሳትሟል።

የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱን ዘዴዎች አዋሕዷል። በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀረጹ ጉድጓዶች ወለላቸው በዲኤንኤ ተሸፍኖ፣ የተለያየ መጠንና ቅርጽ ያላቸው ቅንጣቶች በታሰበው ቅደም ተከተል አንዱ በሌላው ላይ እንዲቆለሉ ተደርጓል። የተገኘው ቁስ ልዩ ባሕርይ አለው። በውኃና በአልኮል ድብልቅ ውስጥ ሲነከር፣ እንደ አልኮሉ መጠን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ዲኤንኤ ይኮማተራል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ቀለሙ ይለወጣል። ከላይ እንደተገለጸው ርቀቱ ቀለሙን ስለሚወስን፣ እዚህ ቁሱ ከተሠራ በኋላም ርቀቱን መለወጥ ተችሏል ማለት ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

በስብሰባዎች ላይ “ወርቅ ስላለን ይህ ቴክኖሎጂ ለእኛ ይቀርበናል” የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። አስተያየቱ ከቅን ልቦና የመነጨ ቢሆንም ስሌቱ አይደግፈውም። 1 ሴንቲሜትር በ1 ሴንቲሜትር በሆነ ገጽ ላይ ቅንጣቶቹ በ500 ናኖሜትር ርቀት ቢደረደሩ በእያንዳንዱ ጎን 20,000፣ በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ 60 ናኖሜትር ቢሆን የሁሉም ክብደት ተደምሮ አንድ ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም። ከ1 ግራም ወርቅ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ከ450 ትሪሊዮን በላይ ቅንጣቶች ይገኛሉ። ስለዚህ የሚጎድለው ወርቅ አይደለም፤ የሚጎድለው የሠለጠነ እጅ፣ ንጹሕ ክፍልና የመለኪያ መሣሪያ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ ጊዜውንም እንመልከት። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱን ነጥብ በጨረር ለመጻፍ የሰከንድ አንድ ሺኛ ቢወስድ 400 ሚሊዮኑን ለመጨረስ ከ4 ቀናት ተኩል በላይ ያስፈልጋል። ጠብታዋ በሰከንድ 1 ማይክሮሜትር ብትጎተት ግን ያንኑ ገጽ ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ታዳርሰዋለች፤ ምክንያቱም በጠርዟ ሥር ያሉት 20,000 ጉድጓዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። የመደርደር ዘዴ ተመራጭ የሆነው በዚህ ነው።

ጉድለቱም በዚሁ ስሌት ይታያል። ከመቶ ጉድጓዶች 99ኙ በትክክል ቢሞሉ ሥራው የተሳካ ይመስላል፤ ነገር ግን 400 ሚሊዮን ጉድጓዶች ባሉበት ገጽ 4 ሚሊዮኑ ባዶ ቀሩ ማለት ነው። ለጌጥ ለሚውል ቀለም ይህ ምንም አይደለም። ለመለኪያ መሣሪያ ግን ችግር ነው። በተጨማሪም በኬሚስትሪ የተመረቱ ቅንጣቶች ሁሉም ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ ብርም በአየር ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። ብር ከወርቅ የበለጠ ጠንካራ የብርሃን ምላሽ እያለው ተመራማሪዎች አብዝተው ወርቅን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ዜጎች ይህን ቴክኖሎጂ የት ያገኙታል?

በጣም ቀላሉና በሰፊው የተሠራጨው ምሳሌ በጤና ኬላ ይገኛል። በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እጅ ያለው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር በአብዛኛው የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ክምችት ነው። በመመርመሪያው ወረቀት ላይ በቀጭን መስመር ፀረ እንግዳ አካላት ታትመዋል፤ ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈባቸው የወርቅ ቅንጣቶች ከደሙ ናሙና ጋር በወረቀቱ ውስጥ ሲጓዙ የሚፈለገው ፕሮቲን ካለ በመስመሩ ላይ ተይዘው ይቀራሉ። ይህ እያንዳንዱ ቅንጣት በቦታው የተቀመጠበት ረቂቅ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ገጹ ላይ ንድፍ ይታተማል፣ ቅንጣቶቹም በንድፉ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ዓይን ደግሞ ቀለሙን ያነባል።

ከዚህ ጋር በተያያዘ ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ ቁም ነገር አለ። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ በሌላ መመርመሪያ መደገም አለበት። ውጤቱም በአምራቹ በተጻፈው የጊዜ ገደብ ውስጥ ብቻ ይነበባል፤ ከሰዓታት በኋላ የሚታይ ደብዛዛ መስመር እንደ ውጤት አይቆጠርም። ከዚህም ሌላ የወርቁ ቅንጣት የሚያሳየን የያዘውን ብቻ ነው። አንዳንድ የወባ ተሕዋስያን፣ በርካታ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የማያመርቱ ሆነው መገኘታቸውን በአገራችን የድንበር አካባቢዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መስመሩ አለመውጣቱ ሁልጊዜ ወባ የለም ማለት ባለመሆኑ፣ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው “ተመርምሬ ነፃ ተብያለሁ” ብሎ ቤቱ ከመቆየት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ተመልሶ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ማግኘት የሚችልበትን ሁኔታ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥቅም እጅግ ጥቂት የሆነን ኬሚካል መለየት ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ብርሃንን ሲበትን የራሱ የሆነ አሻራ ይተዋል፤ ይህም ከሕንዳዊው ሳይንቲስት ራማን የ1928 እ.ኤ.አ. ግኝት ወዲህ የታወቀ ነው። አሻራው ግን በጣም ደካማ ነው። ሞለኪውሉ በሁለት የብረት ቅንጣቶች መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ሲገባ፣ በዚያ የተከማቸው ብርሃን አሻራውን እጅግ ያጎላዋል። የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪትን በፍራፍሬ ላይ፣ አደገኛ ንጥረ ነገርን በውኃ ውስጥ ለመፈለግ የሚያስችሉ ሳህኖች በዚህ መሠረት ይሠራሉ። ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ከተበተኑ ግን ከሳህኑ አንዱ ጥግ ብርቱ፣ ሌላው ጥግ ደካማ ምላሽ ይሰጣል፤ መጠኑን በቁጥር ለመናገርም አይቻልም። በሥርዓት መደርደር ያስፈለገው ለዚህ ነው። አንድ ቤተ ሙከራ የገበሬውን ምርት ሲመረምር ዛሬ ያገኘውን ውጤት ነገም መድገም መቻል አለበት።

የማይደበዝዝ ቀለም ማተም እና ለመኮረጅ የሚያስቸግር የሰነድ ምልክት ማዘጋጀት ሌሎች የሚጠቀሱ ጥቅሞች ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዛሬም ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ በመሸጋገር ላይ ያሉ በመሆናቸው በዝርዝር አልቀረቡም።

“ናኖ” የሚል ጽሑፍ ስላለባቸው ዕቃዎች

በገጽ ላይ የተጣበቀ ቅንጣት እና የሚጠጣ ወይም በሰውነት የሚቀባ ቅንጣት አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ብር ያለበትን ፈሳሽ ለረጅም ጊዜ መጠጣት ቆዳን በዘላቂነት ወደ ሰማያዊ ግራጫ የሚለውጥ አርጂሪያ የተባለ ሁኔታ እንደሚያስከትል በሕክምና ይታወቃል። ስለሆነም “የናኖ ወርቅ” ወይም “የናኖ ብር” መድኃኒት ነው ተብሎ የሚቀርብ ምርት ሲያጋጥም፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም። የመመርመሪያ ኪቶችም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በባለሥልጣኑ ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ከውጭ ለማስገባትም ሆነ በአገር ውስጥ ለማምረት የሚያስቡ ወገኖች ጥያቄያቸውን ለዚሁ መሥሪያ ቤት ያቀርባሉ።

ለተመራማሪዎችና ለፈጠራ ባለሙያዎች

በዘርፉ ለመጀመር የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግድ ነው የሚለው አመለካከት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። 60 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣት በጨለማ ዳራ በሚያሳይ ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ እንደ ባለቀለም ኮከብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። መጠኑንና ቅርጹን ባያሳይም ቦታውንና ቀለሙን ያሳያል። ስለዚህ ጉድጓዶቹ ምን ያህል እንደተሞሉ በቀላሉ መቁጠር ይቻላል፤ የተቆለለ ቅንጣት ካለም በቀለሙ ይለያል። ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራ ይህ በቂ መነሻ ነው። የላቀ መሣሪያና አማካሪ የሚፈልጉ ተማሪዎች የናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል ወዳለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይችላሉ።

አዲስ የአደራደር ዘዴ ወይም አዲስ ቁስ ያገኘ ሰው መብቱን የሚያስከብረው በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት ለ15 ዓመታት የሚሰጥ ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ እየዋለ መሆኑ ከተረጋገጠ ለተጨማሪ 5 ዓመታት ሊራዘም ይችላል። ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብና ግኝት ብቻውን ፓተንት አያሰጥም፤ ለምሳሌ ቅንጣቶች ሲቀራረቡ ቀለማቸው እንደሚለወጥ ማወቅ ፓተንት የማያሰጥ ሲሆን፣ በዚያ ዕውቀት የተሠራ አዲስ መመርመሪያ ግን ሊያሰጥ ይችላል። አመልካቾች ሁለት ነገሮችን ልብ ሊሉ ይገባል። የመጀመሪያው ማመልከቻው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚቀርበው ሥራው በጉባኤ ከመነበቡ ወይም በመጽሔት ከመታተሙ በፊት ቢሆን የሚመረጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በኢትዮጵያ የተሰጠ ፓተንት የሚያስጠብቀው በኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን መብት ብቻ በመሆኑ፣ ምርቱን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ባለሙያ በሚልክበት አገርም ማመልከት የሚጠበቅበት መሆኑ ነው። ከማመልከቻው ጋር የፈጠራው መግለጫ፣ ጥበቃ የሚጠየቅበት ነጥብ፣ አስፈላጊ ሲሆን ሥዕላዊ መግለጫ እና አጭር ማጠቃለያ ይያያዛሉ። በዚህ ዘርፍ መግለጫው ሲጻፍ የቅንጣቱ መጠን፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና ስፋት፣ በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ርቀት እንዲሁም ሙቀቱ በቁጥር ካልተገለጹ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ሊደግመው ስለማይችል፣ መግለጫው ያልተሟላ ተብሎ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይጠቅማል።